የሰማንያ ሁለት የግራ ፓራፋንጎ

ሲረል ኦግደንን ተቀምጦ ያየ ሰው በክራግሾ ከተማ ካለ እጁን ያውጣ። ምሳውን የሚበላው ቆሞ ነው፤ ሳህኑን በአንድ እጁ ይዞ፣ በወጥ ቤቱ መስኮት ጓሮውን እየቃኘ። ቤተ ጸሎት ሲሄድ ከኋላ ግድግዳ ተደግፎ ይቆማል፤ ሁለተኛው መዝሙር ሳይጀመር ወጥቶ የበሩን ማጠፊያ ዘይት ሲቀባ ይገኛል። ሚስቱ ብሬንዳ ለምላሷ ልጓም የላትም፤ ለመጣ እንግዳ ሁሉ «አይዟችሁ፣ ሊያባርራችሁ ፈልጎ አይደለም፣ አፈጣጠሩ ነው። ካገባሁት ጀምሮ ቂጡ ወንበር ሲነካ ያየሁት ፎቶ ስንነሳ ነው፤ እሱም ፎቶው ደብዝዞ ወጣ» ትላለች።

እውነቱን ለመናገር ዱሮ እንዲህ አይብስበትም ነበር። ገና በልጅነቱ ከከተማው የአውቶቡስ ዴፖ ባቲላሜራ ቤት ገባ፤ ሥራ እያለ እግሩ ቢቅበጠበጥም እጁ የሚውልበት ነበረው። የተጨረመተ ሲያቃና፣ የተቀደደ ሲበይድ፣ ስቱኮ ሲለጥፍና በብርጭቆ ወረቀት ሲፍቅ ፀጉሩ ሸበተ። ከዚያ አውቶቡሶቹ ለትልቅ ኩባንያ ተሸጡ፣ ዴፖው ተዘጋ፣ ሲረልም ከምስጋና ጋር አንድ የግድግዳ ሰዓት ታቅፎ ቤቱ ገባ። ሥራ የፈታ እጅ መከራ ነው። መጀመሪያ የብሬንዳን ድስቶች ሁሉ አቃና። ቀጥሎ የጎረቤት ድስት መለመን ጀመረ። በኋላ አንድ ቀን ብሬንዳ የገና ብስኩት የምታስቀምጥበትን ጣሳ ብትፈልግ አጣችው፤ ብስኩቱ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግፏል፣ ጣሳው ትንሽ አውቶቡስ ሆኖ የመስኮቱ ደፍ ላይ ቆሟል።

«ብስኩቱን አልነካሁትም» አላት ሲረል፣ ቀድሞ እንዲመሰገን ፈልጎ።

ከዚያ ወዲህ የሠራቸው ሞዴሎች ከሳሎን አልፈው መኝታ ቤት ገብተዋል። ሁሉም ፎቅ የሌላቸው ናቸው። ባለ ፎቅ አውቶቡስ ለለንደንና ለፖስት ካርድ ነው ባይ ነው። በእኛ አገር ወደ ተራራው መንደሮች የሚወጣው መንገድ ዝቅ ባለ የባቡር ድልድይ ሥር ስለሚያልፍ ባለ ፎቅ አይሞከርም፤ ከሌላ ከተማ የመጣ አንድ ሹፌር ሞክሮ ጣሪያውን ለድልድዩ ትቶ እንደሄደ ዛሬም ይወራል።

ከዴፖው አሮጌ አውቶቡሶች መካከል የሲረልን ልብ የያዘችው ሰማንያ ሁለት ናት። ስሟ ከጎኗ የተጻፈው ቁጥር ነው። አረንጓዴና ክሬም ቀለም የተቀባች የሌይላንድ ፋብሪካ ሥሪት ስትሆን ሞተሯ ከፊት ወጣ ብሎ፣ ሹፌሩ ከሞተሩ ጎን በቀኝ በኩል ባለች ጠባብ ክፍል ብቻውን ይቀመጥባታል። ሹፌሯ የሲረል የልብ ወዳጅ ስታንሊ ታተርሳል ነበር። ስታን ገና ጎረምሳ ሳለ፣ አንድ ብርዳም ጠዋት ሃይ ክላው መንደር ሲደርስ፣ ከቤተ ጸሎቱ በር ላይ ቀይ ሻሽ ያሰረች የፈትል ፋብሪካ ልጅ ቆማ ያያል። ዓይኑን ከሻሹ ሳይነቅል መሪውን ወደ ግራ ጠመዘዘ። የግራው ፓራፋንጎ፣ ያ ጎማውን ከላይ የሚከድነው ላሜራ፣ ሄዶ የበሩን የድንጋይ ምሰሶ ገጨና ጎደጎደ። ልጅቷ ከቆመችበት ፈቀቅ እንኳ ሳትል «ሹፌር፣ የምታሳፍረው እኔን ነው ወይስ በሩን?» አለችው። ኤድና ነበረች።

የተጎዳችው ሰማንያ ሁለት ወደ ሲረል ተላከች። ሲረል መዶሻውን ሲያነሳ ስታን እየሮጠ መጥቶ ክንዱን ያዘው።

«ተዋት።»

«ምኑን ነው የምተወው? አለቃው ዛሬውኑ አቃና ብሎኛል።»

«ላሜራ የለም በለው። እባክህ አንተ ሰውዬ፣ ይቺ ጉድጓድ ሚስት ልታመጣልኝ ነው።»

ሲረል ለአለቃው «ላሜራ አልመጣም» አለው። አለቃው በወሩ ጠየቀ፤ ላሜራ አልመጣም። ስታንና ኤድና ተጋቡ፣ በዚያው በር ገብተው በዚያው ቤተ ጸሎት፤ ላሜራው አልመጣም። ሴት ልጅ ወለዱ፣ አለቃው ጡረታ ወጣ፣ አዲሱ አለቃ መጥቶ ጠየቀ፤ መልሱ ያው ነው። የብረት አገር የሚባለው ሼፊልድ አፍንጫችን ሥር ሆኖ ሳለ፣ ለአንዲት ፓራፋንጎ የሚሆን ላሜራ ዓመታትን ፈጀ። ሰማንያ ሁለት ከሥራ እስክትወጣ ድረስ ያን ጉድጓድ ይዛ ተራራውን ስትወጣና ስትወርድ ኖረች።

ከዚያ አንድ ገበሬ ገዛትና የዶሮ ቤት አደረጋት። ብዙ ቆይቶ አሮጌ አውቶቡስ የሚወዱ የከተማው ሰዎች አገኟት፤ ዶሮዎቹን አስወጥተው ወደ መጋዘናቸው አመጧትና ሲረልን ጠሩት። ሲረል እንደ ሙሽራ ሚዜ ተሽቀዳድሞ ሄደ። ወሩን ሙሉ ሲበይድና ሲገጥም ከርሞ በመጨረሻ ወደ ግራው ፓራፋንጎ ደረሰ። ስታን በዚያ ሰሞን አልነበረም፤ ኤድና ታማ ሆስፒታል ከአጠገቧ አይለይም ነበር። አቃና ያለው የለም፣ ተው ያለውም የለም። ባቲላሜራ ደግሞ ጉድጓድ አይቶ ማለፍ አይችልም። አቃናው። ያውም እንዴት አድርጎ! ጣት ብታሳልፍበት ጉድጓዱ የት እንደነበር አታገኘውም። ሲረል በሕይወቱ ከሠራው ሥራ ሁሉ የሚኮራው በዚያ ነበር።

ኤድና አልተነሳችም። ከእሷ ሞት በኋላ የስኳር በሽታ የስታንን ዓይን ወሰደው። ሴት ልጁ ጊሊያን ብትለው ብትሠራው ብቻውን መኖር ስላልቻለ ኮረብታው ሥር ካለው የአረጋውያን ቤት አስገባችው። እዚያ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይውላል። ሬዲዮ አስጠፋ። ሳህኑን ይገፋል። ሰው ሲያናግረው «እሺ» ይልና ያልቃል።

ጊሊያን አንድ ቀን ሲረልን ኮሪደሩ ላይ ይዛ «አጎቴ ሲረል፣ አባቴ እያለቀ ነው» አለችው። «ሐኪሙ በሽታው አይደለም ነው የሚለው። እንዲሁ ትቶናል። እርስዎን እንኳ ካልሰማ ማንን ሊሰማ ነው?»

ሲረል ተመልሶ ገባ። «ስታን፣ ተነስ፣ መጋዘን ልውሰድህ። ሰማንያ ሁለት ጋ እንሂድ።»

«ዕውር አውቶቡስ ሊያይ ሄደ ተብሎ ይሳቅብኝ?»

«እንግዲያው እኔ አመጣልሃለሁ። ጉልበትህ ላይ አስቀምጥልሃለሁ።»

የስታን ጭንቅላት ከግድግዳው ትንሽ ዞር አለ። ለሲረል ይሄ በቂ ነበር።

ክረምቱን ሙሉ ሲረል ሌላ ሰው አላየም፤ የሰማንያ ሁለትን ሞዴል ሲሠራ ከረመ። ጣት በደንብ እንዲያነባት ብሎ ከሌሎቹ ሞዴሎች አተለቃት፤ የእውነተኛዋ ሃያ አራተኛ እጅ፣ ክንድ የምታህል። መጋዘን ይሮጣል፣ ሰማንያ ሁለትን ይለካል፣ ቤት ይመለሳል፣ ይጠራጠራል፣ ኮቱን ሳያወልቅ እንደገና ይሮጣል። መሪው ሲዞር የፊት ጎማዎቹ አብረው እንዲዞሩ አደረገ። የሹፌሩ በር በጥፍር ይከፈታል። ለወንበሮቹ ልባስ የብሬንዳ አሮጌ ኮት እጅጌውን ሠዋ።

«የኔን ወገብ ዞረህ ሳታይ የእሷን ስንቴ ለካኸው?» ትለዋለች ብሬንዳ።

«የእሷ አይለዋወጥም።»

«ቆይ፣ እራት ስትጠይቀኝ እንገናኛለን!»

ከዚህ ሁሉ ጋር ሌላ ነገር ደግሞ ነበር። በየዓመቱ ግንቦት ላይ በከተማው መናፈሻ የአሮጌ አውቶቡሶች ትርኢት ይደረጋል፤ ሞዴል ሠሪዎችም ይወዳደራሉ። ዳኞቹ ሞዴሉን ይዘው ከእውነተኛው አውቶቡስ ጎን ይቆማሉ፣ ሜትር አውጥተው ይለካሉ። ሞዴሉ መምሰል ያለበት ዛሬ ታድሶ የቆመውን ነው፤ ዱሮ መንገድ ላይ የነበረውን አይደለም። ሲረል ሁልጊዜ ሁለተኛ ነው የሚወጣው። ዋንጫውን የሚወስደው ሬጂ ፒክልስ የሚባል ጡረተኛ የባንክ ሰው ነው፤ እሱ ራሱ መጋዘን መጥቶ የሲረልን የሰማንያ ሁለት ሞዴል አይቶ፣ ባርኔጣውን አውልቆ፣ «ዘንድሮ እኔ ቤቴ ብውል ይሻለኛል» ብሎ ነበር። ሲረል ያን ቀን ቤቱ ሲገባ እያፏጨ ነበር።

ትርኢቱ እሑድ ሊሆን ሐሙስ ዕለት ሞዴሉን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ ወደ ስታን ወሰደው። ጊሊያንም መጣች። የአባቷን ጉልበት አስተካክላ ሲረል ሞዴሉን ቀስ ብሎ አስቀመጠለት።

«ይኸውልህ። ያልኩህን አመጣሁ።»

የስታን እጆች ተነሱ። ከኋላ ጀመረ፤ የኋላውን መስኮት፣ ጣሪያውን፣ የጎን መስኮቶቹን አንድ በአንድ ዳበሰ። የሹፌሩን በር አገኘና በጥፍሩ ከፈተው። ጣቱን አስገብቶ መሪውን ዞር አደረገ፤ ጎማዎቹ ዞሩ። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። ጊሊያን አፏን በእጇ ያዘች። ሲረል ከመስኮቱ ወደ በሩ፣ ከበሩ ወደ መስኮቱ ይመላለሳል።

ጣቶቹ ከራዲያተሩ ላይ አልፈው ወደ ግራ መጡ። ፓራፋንጎውን አገኙ። ዳበሱት። ተመልሰው እንደገና ዳበሱት፣ ከላይ ወደ ታች፣ ከታች ወደ ላይ። ከዚያ ቆሙ።

«የማን ናት?» አለ ስታን።

«እንዴት የማን ናት? ያንተ ናት እንጂ! ሰማንያ ሁለት ናት።»

«አይደለችም።»

«አንተ ሰውዬ፣ ቁጥሯ ተጽፎባት!»

«ዕውር ነኝ፣ ሲረል። ቁጥር አታንብብልኝ።» ሞዴሉን በሁለት እጁ ወደ ፊት ገፋ። «ቆንጆ ሥራ ነው። ባለቤቱን ፈልገህ ስጠው።» ፊቱንም ወደ ግድግዳው መለሰ።

ጊሊያን ኮሪደሩ ላይ ስታለቅስ ሲረል ሞዴሉን አቅፎ አለፋት። ብርድ ልብሱን እንኳ ረስቶት ወጣ። ስታን ምን እንዳጣ ጣቶቹ ሲቆሙ ለሲረል ገብቶታል፤ ያልገባው ምን እንደሚያደርግ ነው። ቤቱ ደርሶ ሞዴሉን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ዞረው፣ ዞረው፣ ዞረው። ብሬንዳ ድንች እየላጠች ታየዋለች።

«እጁ የት ላይ ቆመ?»

«ፓራፋንጎው ላይ።»

«የግራው?»

«እና የቀኙ ሊሆን ነው?»

«ታዲያ ምን ያሽከረክርሃል? ምን እንደጎደለ ታውቃለህ።»

«ምንም አልጎደለም! ክፋቱም እሱ አይደል!» ሲረል ጮኸ፤ ወዲያው ድምፁ ወረደ። «እኔ እኮ ነኝ ያጠፋሁበት፣ ብሬንዳ። ሚስቱ እዚያ እያጣጣረች እኔ መጋዘን ቆሜ የተገናኙባትን ቀን በመዶሻ ስፍቅ ነበር። እያፏጨሁ። ደግሞ ይሄን ሁሉ ዓመት ኮራሁበት።»

ብሬንዳ ቢላዋውን አስቀመጠች። «ሰውዬው ይቅርታ አልጠየቀህም። ጉድጓዱን ነው የጠየቀህ።»

«እሑድ ትርኢት አለ። እውነተኛዋ ላይ የሌለ ጉድጓድ ይዤ ብቀርብ ሬጂ ፒክልስ እየሳቀ ነው ዋንጫውን የሚወስደው። ደግሞስ እኔ ጎድጉጄ አላውቅም። የማውቀው ማቃናት ነው።»

«ዋንጫው እንደሆነ ሻይ አይፈላበት» አለች፤ ወደ ድንቿም ተመለሰች።

ዓርብ ሲረል መቆሚያ መቀመጫ አጣ። የተራራውን አውቶቡስ ተሳፈረ፤ ሃይ ክላው ደርሶ አልወረደም፣ ቤተ ጸሎቱን በመስኮት አይቶ ተመለሰ፤ ደግሞ ተሳፈረ። ከፊት ቆሞ ቆይቶ ወደ ኋላ ይሄዳል፣ ከኋላ ቆሞ ቆይቶ ወደ ፊት ይመጣል። ሹፌሯ ወጣት ሴት ነበረች፤ በሦስተኛው ጉዞ «አያቴ፣ የጠፋብዎት ነገር አለ?» አለችው። «አለ፣ የኔ ልጅ» አላትና ወረደ፤ የቀረውን መንገድ በእግሩ አዘገመው።

ቅዳሜ ከቁርስ በኋላ ጓሮው ውስጥ ወዳለችው የሥራ ጎጆው ገባ። ሞዴሉን ገልብጦ የግራውን ፓራፋንጎ ፈታ። ሰባት ጊዜ የተቀባና የተወለወለ ቀለም ፊቱን እንደ መስተዋት አሳየው። ካልሲ ውስጥ አሸዋ ሞልቶ ከሥሩ አነጠፈ። መዶሻውን አነሳ፤ አስቀመጠው። ጉድጓዱ ምን ይመስል እንደነበር በዓይነ ኅሊናው ሊያመጣው ሞከረ፤ አልመጣለትም። ፎቶ የለ፣ ልኬት የለ።

ባቲላሜራ ግን ጉድጓድን የሚያስታውሰው በዓይኑ አይደለም፣ በክንዱ ነው። ሲያቃናው እንዴት እንደመታው እጁ አልረሳም ነበር። ከዳር ጀምሮ፣ እጥፋቱን እያላላ፣ እየዞረ እየዞረ ወደ ውስጥ ገብቶ ጥልቁን በመጨረሻ ነበር ያወጣው። ሲረል ዓይኑን ጨፈነና ያንኑ የመዶሻ ምት ወደ ኋላ ቆጠረ። መጀመሪያ ጥልቁን መታ። ቀለሙ ጠሽ ብሎ ተሰነጠቀ። አላቆመም። ከመሃሉ ወጣ፣ እጥፋቱን አጠበቀ፣ በመጨረሻ ዳር ላይ ያቺን ትንሽ የከንፈር ቅርጽ፣ የድንጋዩ ምሰሶ ማዕዘን የነከሳትን፣ በማንኪያ ጀርባ ተጭኖ አወጣት። ሲጨርስ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ስቱኮ አልነካውም፣ ቀለምም አልመለሰበትም፤ እንዲሁ መልሶ ገጠመው።

እሑድ ብሬንዳ ነበረች የምትነዳው። ሲረል ሞዴሉን አቅፎ ከጎኗ ሆኖ እግሩ ወለሉን ይጠበጥባል። መንታው መንገድ ላይ ደረሱ፤ በቀኝ መናፈሻው፣ በግራ ኮረብታው። ከመናፈሻው የነሐስ መለከት ሙዚቃ ይሰማል፤ ሰማንያ ሁለትም እዚያ ታጥባ፣ ተወልውላ፣ ዳኞቿን እየጠበቀች ነው።

«ወዴት ልዙር?» አለች ብሬንዳ።

«እያወቅሽ ምን ትጠይቂኛለሽ?»

«ካፍህ ልስማው ብዬ ነው።»

«ወደ ግራ» አላት።

ስታን ያው ወደ ግድግዳው ነው። ጊሊያን አጠገቡ ሹራብ ትሠራለች፤ ሲረልን ስታይ በዓይኗ «ይቅርብን» የምትል መሰለች። ሲረል ሞዴሉን የስታን ጉልበት ላይ አስቀመጠና ፈቀቅ ብሎ ቆመ።

የስታን እጆች በፈቃዳቸው አልተነሱም። ቆዩ። ከዚያ አንደኛው፣ እንዲያው ከላዩ ሊያነሳው ያህል፣ ሞዴሉን ያዘ፤ አውራ ጣቱ የግራው ፓራፋንጎ ላይ አረፈ። ተንሸራተተ፤ ጉድጓዱ ውስጥ ወደቀ። እዚያው ቀረ። ቀስ ብሎ ዙሪያውን ዞረ፣ እጥፋቱን ወጣ፣ ዳር ያለችውን ከንፈር ነካ፣ ተመልሶ ገባ።

ክፍሉ ውስጥ የጊሊያን ሹራብ መርፌ እንኳ ቆመ።

«ሲረል» አለ ስታን።

«አቤት።»

«ይሄን እስከ ዛሬ አላቃናኸውም?»

ሲረል የሚለውን ፈለገና ያገኘው ያንኑ አሮጌውን ብቻ ነበር።

«ላሜራ አልመጣም» አለ።

ስታን ከግድግዳው ዞረ። ፊቱ ለረጅም ጊዜ ያልተከፈተ መስኮት ሲከፈት እንደሚሆነው እየተንገጫገጨ ተፈታ።

«አይምጣ» አለ። «ቀይ ሻሽ ነበር ያሰረችው። ነግሬህ አላውቅም?»

መቶ ጊዜ ነግሮታል፤ በሠርጉ ቀን እንኳ ሁለቴ ነግሮታል።

«አልነገርከኝም» አለ ሲረል፤ ወንበር ስቦም ተቀመጠ።